በምንቸቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? - ስለ ጾም አትክልትና ስለሚረጭበት መርዝ



ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤታችን ገበታ ይለወጣል። ሥጋውና ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ይነሣና ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው፣ ቲማቲሙ ይመጣል። በሌላው ወራት አትክልት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የሚቀምስ የከተማ ሰው ሃምሳ አምስቱን ቀን ከአትክልት አይለይም ማለት ይቻላል። ስለ ጾም ሰዓት፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ምጽዋት ብዙ ተጽፏል፤ በየጉባኤውም እንማራለን። ድስት ውስጥ የገባው ጎመን በማን ማሳ እንደበቀለ፣ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደተረጨበት ግን ጠያቂው ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ (2ኛ ነገ. 4፥38-41)። በጌልጌላ ረሃብ ሆኖ ሳለ ነቢዩ ኤልሳዕ ለደቀ መዛሙርቱ ወጥ እንዲሠራላቸው አዘዘ። ከመካከላቸው አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ። የዱር ሐረግ አገኘ፤ ፍሬውን በልብሱ ሙሉ ለቅሞ መጣና ከትፎ ምንቸቱ ውስጥ ጨመረው። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቀምሰው ሳለ ግን ሞት በምንቸቱ ውስጥ መኖሩን አውቀው ጮኹ፤ ሊበሉትም አልቻሉም። ነቢዩ ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ በወጡ ውስጥ ክፉ ነገር አልተገኘም።

እስቲ ሰውየውን ልብ በሉት። ክፉ ሰው አልነበረም። የተራቡ ወንድሞቹን ሊያበላ ብሎ ነው የወጣው፤ የጎደለው ማወቅ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ እኛ ድስት የሚገባውም ብዙው በዚሁ መንገድ ይገባል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የዚያን ቀኑ ገና ሲቀመስ ታወቀ። የዛሬው ግን ብዙ ጊዜ አይመርም፣ አይሸትም። ሰው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ተመስገን ብሎ ይነሣል።

«መድኃኒት» የተባለው መርዝ

ገበሬውን ጠይቁት፤ «ቲማቲሜ ላይ መርዝ ረጨሁ» አይልም። «መድኃኒት ረጨሁ» ነው የሚለው። ባለ ሱቁም «የጎመን መድኃኒት አለ» ይላል። ጌታችንን መድኃኔ ዓለም ብለን በምንጠራበት ቃል ትል መግደያውን መጥራታችን ራሱ ብዙ ሰው አዘናግቷል። መድኃኒት ከተባለማ ቢበዛ ምን ይጎዳል? አንድ ክዳን የተባለው ሁለት ክዳን ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ተቀላቅሎ ይረጫል። ሲተርፍ በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርጎ ከጨውና ከዘይት ጎን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሕፃን ልጅ ያንን ጠርሙስ ውኃ ነው ብሎ ቢያነሣው ማን ይፈረድበታል?

በአዋጁ ስሙ ፀረ-ተባይ ነው። ትል፣ ክሽክሽ፣ ዋግና አረም እንዲገድል የተሠራ ኬሚካል ነው። ከነዚህ መካከል ማላታዮንና ፕሮፌኖፎስ የሚገኙበት ወገን የሚሠራው በነርቭ ላይ ነው። በሰውነታችን ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ካደረሰ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር አለ። መርዙ ይህን አጥፊ ይይዘዋል። መብራቱ በርቶ ማጥፊያው እንደተሰበረ ቤት ማለት ነው። ትሏ ተንቀጥቅጣ ትሞታለች። የሰውም ነርቭ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው፤ የሚለየን መጠኑ ነው። ብዙ ያገኘው ሰው ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፀሐይ ላይ ሲረጭ ውሎ ራሱን ሲያመው፣ ሲያልበውና ሲያስመልሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማ ከሴ የሚያሸት ሰው ስንቱ ይሆን! ምች ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የረጨበትን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ጠርሙሱን ወይም ወረቀቱን ይዞ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ በግድ ማስመለስም ሊጎዳ ይችላል። ጠበሉን ይጠጣ፣ ይጸልይ፤ ይህ ግን ከሐኪም ዘንድ መድረሱን የሚያዘገይ አይሁን።

ቡናውን ማን መርዘው?

ይህን ጽሑፍ ቱም፣ ማጂ፣ ሚዛን ወይም ቴፒ ሆናችሁ የምታነቡ «በእኛ አገር ጓሮ ምን መርዝ አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት አላችሁ፤ የጓሮ ጎመን፣ ጎደሬው፣ ሙዙ፣ ፓፓያው በብዛት ያለ ርጭት የሚበቅል ነው። የጫካ ቡናችንም እንዲሁ። ነገር ግን በዚያው በቡና ላይ የደረሰውን ስሙ።

በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ቡናችንን መለሰች። ጃፓን ያኔ ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረችና ገበያው ተናጋ። ገበሬው ግራ ገባው። ከዛፍ ጥላ ሥር የለቀመው፣ አንዲት ጠብታ ያልረጨበት ቡና እንዴት መርዝ ይገኝበታል? ነገሩ ሲታይ ጥርጣሬው በጆንያው ላይ ወደቀ። ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነው ኬሚካል የነካው ተባለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ መርዝ በመርጫ ብቻ አይመጣም፤ በጆንያ፣ በመኪና፣ በመጋዘን፣ በእጅ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ልብ ይነካል። ያንን ቡና ማን መረመረው? ጃፓን። ለራሷ ሕዝብ ብላ። ወደ ውጭ የሚሄደው እህልና አበባ፣ ሰሊጥና ቡና በገዢው አገር ላቦራቶሪ ይፈተሻል። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ የሚወጣውን፣ አንቺ እኅቴ በዘንቢል ይዘሽው የምትገቢውን ቲማቲም ግን ማን ይፈትሸዋል? በሀገራችን የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ፀረ-ተባይ ሁሉ ተመዝግቦ እንዲሸጥ አዝዟል። ደግ ነው። ሆኖም አዋጁ በየማሳው ጥግ ቆሞ ቀን አይቆጥርም። በገበሬውና በእኛ ድስት መካከል ያለው መርማሪ ብዙ ጊዜ የገበሬው ሕሊና ብቻ ነው።

የእኛን ምግብ የመረመሩ ሰዎች የሉም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከጅማ ዞን ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ቡና ወስዶ ሲመረምር ዲዲቲን ጨምሮ የተለያዩ ፀረ-ተባዮች ቅሪት አግኝቷል። (ለቡና ወዳጆች አንድ መጽናኛ፦ በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ቡናው ሲታጠብ ቅሪቱ እንደሚቀንስ፣ ሲቆላ ደግሞ እጅግ አብዛኛው እንደሚጠፋ አሳይቷል። እናቶቻችን አጥበው መቁላታቸው ለካ እንዲህም ኖሯል!)

ስለ ዲዲቲ ትንሽ ልጨምር። በወባማው ቆላ ያደጋችሁ ትልልቆች ታውቁታላችሁ፤ የወባ ሠራተኞች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጩት ነበር። ተባይ ገዳይነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ያወቀው የስዊዘርላንዱ ፓውል ሙለር በ1948 ኖቤል ተሸልሞበታል። ብዙ ነፍስ ከወባ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ክፋቱ ቶሎ አለመጥፋቱ ነው። በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በሰውም ሆነ በከብት ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከስብ ወደ ወተት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የሚያጠቡ እናቶችን ወተት መርምሮ ዲዲቲ አግኝቶበታል። ሕፃናቱ በቀን ያገኙታል ተብሎ የተሰላው መጠን ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ሰምታችሁ ጡት ማጥባት እንዳታቆሙ! ሐኪሞች አጥብቀው የሚናገሩት የእናት ጡት ጥቅም ከዚህ ጉዳት እንደሚበልጥ ነው። ይህን የጻፍኩት ለሌላው ነው። ለግድግዳ የመጣውን መርዝ ለጎመን የሸጠ፣ ለእህል ጎተራ የበተነ ሰው የማያውቃት እናት ጡት ውስጥ ምን እንዳስገባ እንዲያይ ነው።

አትክልቱም ጾም አለው

በከተማ የሚበላው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው የሚመጣው በመስኖ ከሚለማ ስፍራ ነው። ስሙ የታወቀው የዝዋይና የመቂ አካባቢ ነው። እዚያ በአነስተኛ ገበሬዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ፦ ርጭቱ በአንድ የምርት ወቅት ደጋግሞ ይደረጋል፣ የተለያየ ኬሚካል በአንድ መርጫ ይቀላቀላል፣ ጓንትና መሸፈኛ የሚያደርግ ጥቂት ነው፣ ርጭቱ በደረቀ ማግስት የሚለቅምም አለ። በገበሬው አትፍረዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ የሚባል የቲማቲም ትል ወደ ሀገራችን ገባ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ትል ነው። ቅጠሉንም ፍሬውንም ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ብድር ወስዶ የተከለ ሰው ማሳው ዓይኑ እያየ ሲጠፋ ምን ያድርግ? ይረጫል። አልሞት ሲለው አብዝቶ ይረጫል። ትሉ ደግሞ ከመርዙ ጋር ይለማመዳል።

ነገሩ ሁሉ የተሰወረው ከርጭት እስከ ለቀማ ባሉት ቀናት ነው። እያንዳንዱ ፀረ-ተባይ በዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ «ከተረጨ በኋላ ይህን ያህል ቀን ሳይሞላ አይለቀም» የሚል ትእዛዝ አለው። አንዱ ሦስት ቀን፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ ዐሥራ አራት ይላል። በነዚያ ቀናት ፀሐዩ፣ ነፋሱና የተክሉ እድገት መርዙን ይሰባብሩታል፣ ያሳንሱታል። እንግዲህ አትክልቱም የራሱ የጾም ቀናት አሉት ብንል አልተሳሳትንም። የእኛ ጾም ሰዓቱ ሳይደርስ ቢበላ ይሻራል፤ የእሱም ቀኑ ሳይሞላ ቢለቀም ተሻረ። እኛ በዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ወጥተን የምንቆርሰው በሦስተኛው ቀን የተለቀመ የሰባት ቀን ጎመን ከሆነ፣ ጾሙ በማሳው ላይ ተሽሮ መጥቷል።

ለዚህም ፈተናው የሚጠናው በዚሁ በጾም ነው። አትክልት ይፈለጋል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ነጋዴው ማሳው ድረስ መኪና ይዞ ይመጣል። «ዛሬ ካልሰጠኸኝ ነገ ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ» ይላል። ወንድሜ ገበሬው ሆይ፣ ያኔ የምትታገሰው አራት ቀን ከስግደትህ አያንስም። ኦሪት አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲሠራ ታዛለች (ዘዳ. 22፥8)። የወደቀው በራሱ እግር ቢወድቅም መከታ ያልሠራው ባለቤት ይጠየቅበታል። በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርም ተከልክሏል (ዘሌ. 19፥14)። የከተማው በላተኛ በዚህ ነገር ዕውር ነው፤ ቀኑን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ለልጆችህ ሳይረጭ የምታስቀራት መደብ ካለችህ ደግሞ ነገሩን በደንብ አውቀኸዋል ማለት ነው።

ዕቃው ላይ ያለውን ቀለምም እዩ። ከሥሩ ያለው ሰንበር ቀይ ከሆነ እጅግ ብርቱ መርዝ ነው፤ ቢጫው ቀጥሎ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴው የቀለለ ነው። ማንበብ ላልተማረ ሰው ተብሎ የተደረገ ምልክት ነው። በሃይላንድ ተቀድቶ ሲሸጥ ግን ቀለሙም፣ ቀኑም፣ መጠኑም ይጠፋል። ስለዚህ ተቀድቶ የሚሸጠውን አትግዙ። ባዶውን ዕቃም ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አታድርጉት፤ ብትታጠብም ያቺ ጀሪካን መርዟን አትለቅም። በስታችሁ ጣሉት።

ከመርጨት በፊት ሊደረግ የሚችል ነገር ሞልቷል። ትል በእጅ መልቀም፣ አመድ መነስነስ፣ ጎመን በነበረበት መደብ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መትከል፣ በቆላው የኒም ቅጠልና ፍሬ ወቅጦ መርጨት። የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። የግድ ከሆነም አበባ ላይ ባለ ሰብል አትርጩ፤ ንብ በማትሠራበት በምሽት ይሁን። የሸካና የቤንች ጫካ ማር የሚጥመን ንቧ ስላለች ነው። ንቧ ካለቀች ማሩ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ጧፉስ ከምን ሰም ይሠራል?

አሁን ደግሞ ወደ ማጀት

ገበሬውን ብቻ ስንወቅስ መዋል ተገቢ አይደለም። ገበያ ወጥተን ምን እናደርጋለን? ትል የበሳት ቅጠል ያለውን ጎመን ጥለን ያለ አንዲት ቀዳዳ የሚያበራውን እንመርጣለን። ቲማቲሙ ጠባሳ ካለው ዋጋ እናወርዳለን። እንዲህ እያደረግን ገበሬውን ወደ መርጫው የምንገፋው እኛው ነን። ትል የበላው ጎመን ትሉን ያልገደለ ጎመን ነው፤ ጠራርጎ መብላት ምን ነውር አለው? ከሚታወቅ ጓሮ መግዛት፣ «መቼ ረጭታችሁ ነው የለቀማችሁት?» ብሎ መጠየቅም ልማድ ይሁን። ሻጯ መጀመሪያ ትስቅ ይሆናል። ጠያቂ ሲበዛ ግን እሷም ገበሬውን መጠየቋ አይቀርም።

ቤት ሲገባ ማጠብ ነው። ይህን ግን በማስተዋል። ፀረ-ተባይ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንዱ በልጡና በቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በቲማቲም ላይ የምታዩት ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ብናኝ የዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እሱ በሚወርድ ውኃ በእጅ እየታሸ ሲታጠብ ብዙው ይሄዳል። ሌላው ወደ ተክሉ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ያንን ውኃ አያወጣውም፤ መድኃኒቱ ገበሬው የጠበቀው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎመኑን ቅጠል በቅጠል እጠቡ እንጂ በአንድ ሳፋ ነክራችሁ አታውጡ። የጥቅል ጎመኑን የላይኛውን ሁለት ሦስት ቅጠል ጣሉ። ድንችና ካሮቱን ላጡ። ለስንግ የምትሆነው ቃሪያ በጥሬው ስለምትበላ እሷን አደራ።

በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ተለምዷል። በረኪና ለተሕዋስያን ነው እንጂ ለዚህ የተሠራ አይደለም፤ ከኬሚካሉ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ሊፈጥርም ይችላልና በእሱ አትተማመኑ። አቼቶውም ያው ለጀርም ይጠቅም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ በፖም ላይ በተደረገ ጥናት የተሻለ ሆኖ የተገኘው ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ማቆየት ነው፤ እሱም ቢሆን ልጡን አልፎ የገባውን አላወጣም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስ፣ ፓፓያ ልጣቸው ስለሚነሣ የሚያሰጉት በትንሹ ነው፤ የሚዛንና የቴፒ ሰው በዚህ ታድሏል። ከመላጣችሁ በፊት ግን እጠቧቸው፤ ቢላው ከልጡ ወደ ውስጥ ይዞት እንዳይገባ።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው አትክልት ይቅርብኝ፣ ሽሮዬን ልብላ» ይላል። የለም! ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ ከንጉሡ ማዕድ ርቀው ከምድር የበቀለውንና ውኃ ይዘው በዐሥር ቀን ፊታቸው አምሮ ታይቷል (ዳን. 1፥8-16)። አትክልት መተው ከቅሪቱ ይልቅ ይጎዳል። ሽሮውም ቢሆን ከጎተራ ነው የሚመጣው። ለነቀዝ ተብሎ በእህል መካከል የሚቀመጠው እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ባለ ጎተራና ጆንያ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። በዚህ ፈንታ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መጥቷል፤ ነቀዙን ያለ መርዝ አፍኖ ይገድለዋል።

ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የደብር ልማት ኮሚቴዎች ከአጥሩ ጥግ ባለችው መሬት ይህን ቢጀምሩት መልካም ነበር። ሁለት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ሰላጣ፣ ያለ ርጭት። ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን የሚቀርበው ከዚያ ይሁን፤ የተረፈው በበሩ ላይ ይሸጥ። በመደቡ ላይ የተተከለበትና የሚቆረጥበት ቀን በእንጨት ይጻፍ፤ ገበሬውም ሲያልፍ ያንብበው።